ሦስት ቀን የደበቅነው መርዶ

ማክሰኞ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከማላውቀው የውጭ አገር ቁጥር ተደወለልኝ። የምሠራው አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት ነው። የአንድ ሽማግሌ የመሬት ማመልከቻ እየተየብኩ ስለነበር ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሃል ሸጉጬ አነሳሁት።

«አስተማሪዋ ነሽ?» አለኝ አንድ ወንድ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «የእህቴ አስተማሪ?»

ወዲያው ገባኝ። እህቱ እኔ በምኖርበት ግቢ የተከራየች፣ ከሱዳን ጦርነት ሸሽታ የመጣች የሃያ ዓመት ልጅ ናት። እሱ ያለው ካይሮ ነው። ስልኬን የሰጠችው እሷ ናት፤ ኔትወርክ እንቢ ካለ በእኔ በኩል እንዲያገኛት።

«እናታችን ዛሬ ጠዋት ሞታለች» አለኝ። «ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ነው የደወልኩልሽ። አጠገቧ ተቀመጪና ንገሪያት። አሁን ንገሪያት። ከዚያ ከኦምዱርማን ይደውሉላታል።»

«እሺ» አልኩት።

ነገሩ ግልጽ ነበር። እንግሊዝኛዬ ብዙ ባይሆንም «አሁን» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን ዓይኔ የሄደው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ቻርጅ ላይ ወደተሰካው ሌላ ስልክ ነው። የልጅቷ ስልክ ነበር። በግቢያችን ከንጋት ጀምሮ መብራት ስላልነበረ ጠዋት ይዤላት መጥቼ ነው።

ሽማግሌው ፊቴን አዩና «ማነው የሞተው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ልጅቷ ሰምታለች?»

«አልሰማችም።»

«በይ እንዳትነግሪያት! በጠራራ ፀሐይ መርዶ ይነገራል እንዴ? ተይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰው ሰብስቡ።»

እኚህን ሰው ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ቢሆንም የተናገሩት እናቴም፣ የሰፈሬ ባለሱቅም፣ የባጃጅ ሾፌሩም የሚለውን ነው። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። እስከዚያ ይደበቃል። ስልክ ይሰወራል፤ ወሬኛ ጎረቤት ይመከራል። ፈተና ያለበት ተማሪ ከሆነ ፈተናው እስኪያልቅ ይጠበቃል። እኔ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ያሳደገኝን አጎቴን ሞት የነገሩኝ ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ የመጨረሻውን የሒሳብ ወረቀት መልሼ ስወጣ ነው። ማንንም አልተቀየምኩም። እንዲያውም ስንት ሰው ለእኔ ብሎ ዕንባውን እንደዋጠ ሳስብ ደስ ይለኝ ነበር።

ልጅቷም ሐሙስ ፈተና ነበረባት።

ቢሾፍቱ ያለ አንድ የሆቴል ሥራ ማሠልጠኛ ለጥቂት ስደተኞች ቦታ ከፍቶ ነበር። መግቢያው የቃል ፈተና ነው፤ በአማርኛ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የወጣቶች አዳራሽ ውስጥ ከሱዳን፣ ከየመንና ከሶማሊያ ለመጡ ወጣቶች ቋንቋ እናስተምራለን። የአስተማሪነት ወረቀት የለኝም። ግጥም እጽፋለሁ፤ እሱንም ያስተማረኝ የለም። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ክፍሉን ይዤ ገበያ እወጣ ነበር። ከፊደል በፊት መንገድ ላይ የሚባለውን አስተማርኳቸው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ»፣ ሽንኩርት ተራ «ምርቃት ጨምሪበት እንጂ»፣ ጎረምሳ ሲያስቸግር «ኧረ በናትህ ልቀቀኝ»። ሰላምታም አስተማርኳቸው። «ደህና ነሽ?» ሲሉሽ ቤትሽ እየተቃጠለም ቢሆን መልሱ «ደህና ነኝ» ነው አልኳቸው።

«ለምን?» አለችኝ ልጅቷ።

«እንዲያ ነው። ሌላው ነገር ቆይቶ ነው የሚነገረው።»

«ቆይቶ ስንት ሰዓት?»

ክፍሉ በሳቅ አበደ። እኔም ሳቅኩ።

እናቷ ኩላሊቷን ታማ የስደቱን መንገድ አልቻለችውም። ከእህቷ፣ ከልጅቷ አክስት ጋር፣ እዚያው ሱዳን ኦምዱርማን ቀረች። እዚያ ኢንተርኔት የሚገኘው ተሰልፎ ነው። ተራዋ ሲደርስ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በሳምንት። ልጅቷ መልእክቱን እኔ የምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት መጥታ የወረቀት ካርቶኖቹ ላይ ተቀምጣ ትሰማዋለች። አረብኛ አልችልም፤ ቢሆንም ሴትዮዋ ስትቆጣና ስታሾፍ መለየት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን ልጅቷ እየሰማች በሳቅ ስትንፈራፈር «ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ኢትዮጵያ ስትሄጂ ትወፍሪያለሽ ብዬ ነበር፤ በፎቶ ሳይሽ ግን መጥረጊያ መስለሻል» ብላ ተረጎመችልኝ። ከእናቷ የቀራት ያ ስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ ነበር።

ያንን ስልክ ነቀልኩት። ሽማግሌውን ነገ ይምጡ ብዬ፣ በሩን ቆልፌ፣ በባጃጅ ወደ ቤት ሄድኩ።

አከራያችን የወሎ ሰው ናቸው። ጂዳ አሥራ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርተው ነው ይህንን ግቢ የሠሩት። እትዬ እንላቸዋለን። ከልጅቷ ጋር በአረብኛ ያወራሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ይቆጧታል። ልጅቷ ገበያ ሄዳ ስለነበር ብቻቸውን አገኘኋቸው። ስነግራቸው ግድግዳውን ይዘው ወደ ታች ተንሸራተቱና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ወንድሟ አሁን ንገሪያት ብሎኛል» አልኳቸው።

«ወንድሟ ልጅ ነው፤ ምን ያውቃል። ስልኳ የታለ?»

አሳየኋቸው።

«ዝጊው።»

«እትዬ፣ ከአገሯ ይደውሉላታል ብሏል እኮ።»

«ለዚያ እኮ ነው ዝጊው የምልሽ! እኔ የአባቴን ሞት እንዴት እንደሰማሁ ታውቂያለሽ? ጂዳ፣ ማድ ቤት ቆሜ፣ የእመቤቲቱን ሳህን በእጄ ይዤ። በስልክ። እንግዳ ነበረባቸው። ሳህኑን ሁሉ አቅርቤ፣ አንስቼ፣ አጥቤ ስጨርስ ነው ያለቀስኩት። ይቺ ልጅ እኔ ቤት እያለች እንደዚያ አትሰማም። ድንኳን ተተክሎላት፣ ሰው ከቧት፣ እንደ ሰው ልጅ ነው የምትሰማው።»

ዘጋሁት። ሳጥናቸው ውስጥ ልብስ ሥር ከተቱትና ቆለፉበት።

ልጅቷ የመጣችው ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የገዛችው ነገር አልነበረም። ሻሿን ገልብጣ አስራዋለች፤ የቀሚሷ ጉልበት ላይ አቧራ ነበር። ይህን ሁሉ አየሁ። አይቼም ነፋሱ ነው አልኩ፤ አዳማ ከሰዓት በኋላ ማንን አቧራ አያለብስም?

«ስልኬ?» አለችኝ።

«ቻርጅ ላይ እያለ ጠፋ። ሠሪ ቤት ሰጥቼዋለሁ። ዓርብ ይደርሳል።»

መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ እትዬን። ዓይኗ ፊታችን ላይ የሆነ ነገር የሚፈልግ ይመስል ነበር።

«እናንተ ደህና?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምን እንሆናለን!» አሉ እትዬ፣ ፈገግ ብለው። ማንጎ መርጠው እጇ ላይ አኖሩላት።

ልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲፈታ እያየሁት ነበር። ውሸት እንዲህ በቀላሉ ሰው ሲያሳርፍ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ፤ ግን ተሳካልን ብዬ ነው የደነገጥኩት።

ለወንድሟ በእንግሊዝኛ ጻፍኩለት። ሐሙስ ፈተና አላት፤ ዓርብ ጠዋት ከጎረቤት ጋር ሆነን በሥርዓት እንነግራታለን፤ አደራችንን አንበላም አልኩት። ወዲያው ደወለ። አላነሳሁም። ደጋግሞ ደወለ። የስልኬን ድምፅ አጠፋሁ።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬ የዕድሩን ዳኛ ጠሩ። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ያስኬዱታል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ ሁሉ በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። ሁለት የዕድር ሴቶችም መጥተው እትዬ በረንዳ ላይ ተቀመጥን።

«ድንኳን ለአባል ነው» አሉ ዳኛው። «ደንቡን ያወጣነው ተሰብስበን ነው። ልጅቷ ታሳዝናለች፤ ግን አባል አይደለችም፤ ቤተሰብም የላት።»

«የኔ ቤተሰብ ናት። የኔ ልጅ ናት ብለው ይጻፉ።»

«መቼ ወለድሻት?»

«ጂዳ እያለሁ!»

«ሙሉ ዕድሩ ነው የሚያውቅሽ። ጂዳ ስትሄጂም ሆድ አልነበረሽ፣ ስትመለሺም ሻንጣ ብቻ ነበር የያዝሽው።»

«ሻንጣው ውስጥ ነበረቻ!»

አንዷ ሴት የጠጣችው ሻይ በአፍንጫዋ ወጣ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «በሉ እንግዲህ» አሉ ዳኛው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ከሻንጣ ለተወለደ የሚል አንቀጽ የለንም፤ የሚከለክልም የለም። ድንኳኑን ዓርብ ጠዋት አመጣዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ልጅቷን ያየኋት። ክፍሏ ከበረንዳው ትይዩ ነው። በሯን ከፍታ ደፉ ላይ ቆማ ታየናለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

«ምን ያስቃችኋል?» አለችን።

«የሰርግ ወሬ ነው» አሉ እትዬ።

«ማን ያገባል?»

«አንቺን ልንድር ነዋ!» አለች ሻይ ያነቃት ሴትዮ።

ልጅቷ ሳቀች። ጮክ ብላ፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። ዳኛው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሐሙስ በማለዳ ወደ ቢሾፍቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ ዱከም!» እያለ ሲጮህ ልጅቷም ከኋላው በሹክሹክታ ትደግመዋለች፤ አፏን እያሟሸች ነው። ሞጆ ስንደርስ፣ የጅቡቲ መኪኖች በተደረደሩበት፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ስልክሽ ስጪኝ። የአክስቴን ቁጥር በራሴ አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ።»

«ካርድ የለኝም።»

«ኢንተርኔት?»

«አልቋል።»

እንዲህ ስል ስልኬ ጭኔ ላይ ተንቀጠቀጠ። የካይሮው ቁጥር ነበር። በደረቱ ደፋሁት። መንቀጥቀጡን አላቆመም፤ እግሬን እየነዘረኝ ቆየ። ልጅቷ እጄን አየች። ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየች፣ ማክሰኞ እንዳየችኝ።

«ማነው?»

«ደንበኛ ነው። ማመልከቻው አላለቀለትም።»

እስከ ቢሾፍቱ ድረስ በመስኮት ስታይ ሄደች።

ፈታኞቹ ሁለት ነበሩ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮቱ ተከፍቷል። እኔ ከሥሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም እሰማለሁ። ስለ ሥራ ጠየቋት፤ መለሰች። እንግዳ እንዴት እንደምትቀበል ጠየቋት፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ አረፍ ይበሉ» አለች፣ ልክ እንዳስተማርኳት። ከዚያ ሴቷ ፈታኝ ለስለስ ብላ «እስኪ ስለ ቤተሰብሽ ንገሪን» አለቻት።

«አንድ ወንድም አለኝ፤ ካይሮ ነው» አለች። «እናት አለችኝ። ኦምዱርማን ናት። ደህና ናት።»

«እግዜር ያገናኛችሁ።»

«አሜን» አለች ልጅቷ።

ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ያቺ መልስ የእኔ ናት። ሦስት ጊዜ ነው ያስጠናኋት፤ «አለችኝ» የሚለውን አስተካክዬላታለሁ። የሰው ልጅ እናቷ ሞታ ሳለ ስለ እናቷ እንዲህ እያለች ስትፈተን ከመስኮት ሥር ቁጭ ብዬ የማዳምጠው እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እየሮጠች ወጣች። ሰኞ ጀምሪ ብለዋታል። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና በጆሮዬ «ለእማዬ ነው መጀመሪያ የምነግራት» አለችኝ።

ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አራት ሰው በሯ ላይ ቆምን። ነጠላው ተዘቅዝቋል። እትዬ ከፊት፣ ዳኛው ከጎናቸው፤ ከመስጊድ አንድ ሼኽ፣ ከወዲያኛው ሰፈር ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳይቀሩ መጥተዋል። ከግቢው ውጭ የድንኳኑ ብረት ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ሰው ልጅቷን የሚያውቃት ግማሹ አይሞላም። ልቤ ውስጥ፣ አልዋሽም፣ ኩራት ነበር። ለአንዲት የሰው አገር ልጅ ሰፈሩ ወጣላት ብዬ።

ዳኛው አንኳኩ። ልጅቷ ከፈተች። አንድ በአንድ አየችን፤ ከነጠላችን እስከ እግራችን።

«ኢንታላ ኮ» አሉ ዳኛው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አላህ የሰጠውን አላህ...»

«ማክሰኞ» አለች ልጅቷ።

ዳኛው የጀመሩትን አቋረጡ።

«ማክሰኞ ገበያ ላይ አንዲት የአገሬ ሴት እናትሽ ሞተች አለችኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሮጥኩ፤ ወደ ስልኬ። ስልክ የለም። ሠሪ ቤት ነው። እናንተን አየሁ። እትዬ ሳቀች። ማንጎ ሰጠችኝ። እኔ አሰብኩ፤ እናቴ ብትሞት እነዚህ ሰዎች ያውቃሉ፤ ካወቁ ደግሞ ይነግሩኛል። አይስቁም። ስለዚህ ሴትዮዋ ተሳስታለች። ረቡዕ ብዙ ሳቃችሁ። በጣም ደስ አለኝ። እኔም ሳቅኩ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«ትናንት ታክሲ ውስጥ ስልክሽን ስትደፊው ሆዴ ፈራ። ግን ሁለት ነገር ነው ያለኝ። ወይ እናቴ አለች፣ ወይ እናንተ ክፉ ናችሁ። እናቴ አለች አልኩ።»

ከመጣው ሰው ሁሉ ለማልቀስ የተዘጋጀው ብዙ ነበር፤ ማንም ግን ማልቀስ አልቻለም።

«ልጄ፣ ለአንቺ ብለን እኮ ነው» አሉ እትዬ። «ብቻሽን እንዳትሆኚ። ድንኳን...»

«እኛም አገር ድንኳን አለ» አለች ልጅቷ። «መጀመሪያ ግን ይነገራል። ከዚያ ድንኳኑ ይመጣል። ስልኬን ስጡኝ።»

እትዬ ሳጥናቸውን ለመክፈት ቁልፉን ሁለት ጊዜ ጣሉት። ስልኩ ሲበራ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ይጮህ ጀመር። መልእክት በመልእክት ላይ፣ ያልተነሳ ጥሪ፣ የቪዲዮ ጥሪ፤ ልጅቷ እጅ ላይ እንደ ተያዘ ወፍ ይርገፈገፍ ነበር። ሁሉም የማክሰኞ ነው። የመጀመሪያውን የድምፅ መልእክት ከፈተችው። የአክስቷ ድምፅ ነው። እትዬ ሰምተው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ምን አለች?» አልኳቸው። መልእክቱ በተከፈተ ቁጥር ሹክ አሉኝ።

«አጥበናታል፤ ፊቷን አልሸፈንንም፤ እንድትሰናበቻት ደውለናል፤ አንሺ ትላለች።»

ቀጣዩ ተከፈተ።

«አንሺ እንጂ ልጄ፤ እየጠበቅንሽ ነው።»

ቀጣዩ።

«የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ደርሷል፤ ወንዶቹ መንገዱ ሳይዘጋ እንውሰዳት እያሉ ነው። ካልቻልሽ ድምፅሽን ብቻ ላኪ፤ ጆሮዋ ላይ እናደርግላታለን።»

የመጨረሻው አጭር ነበር። እትዬ አልተረጎሙትም። ደረታቸውን መቱና በሯ ላይ ተደፉ።

ሰዓቱን በልቤ አሰላሁት። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ እነሱ ፊቷን ከፍተው ሲጠብቁ፣ ስልኩ እትዬ ሳጥን ውስጥ ነበር። ወንድሟ «አሁን» ያለኝ ለዚህ ነው። የሞተን ሰው በስልክ መሰናበት የሚባል ነገር አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ አገር ሬሳ ከሩቅ አይታይም፤ ለለቅሶ ይደረሳል ወይም አይደረስም። አገሩ የተዘጋበት ሰው ግን የሚደርሰው በስልኩ ብቻ ነው። ግጥም እጽፋለሁ የምል፣ ሰው የማያየውን አያለሁ የምል እኔ፣ ይህ አልታየኝም።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆየ። ልጅቷ ከድንኳኑ አልሸሸችም፤ መሃል ተቀመጠች። የመጣውን ሁሉ ተቀበለች። ዳኛው ሦስቱንም ቀን በር ላይ ቆመው ሰው ሲያስገቡ ዋሉ፤ ባርኔጣቸውን አንዴም አላደረጉም። እትዬ ምግቡን ሁሉ እሳቸው ሠሩ፤ ፊት ለፊቷ ግን መቆም አልቻሉም፤ ሳህኑን በሌላ ሰው ይልካሉ። እኔንም እሷ አላናገረችኝም። ሲደክማት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ የድሮዎቹን መልእክቶች ትሰማ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ድንኳኑ ሲነሳ፣ ክፍሌ መጣች። እትዬም ተከትለዋት በሩ ላይ ቆሙ።

«አክስቴ አታምነኝም» አለች። «ሴቶቹ ሁሉ እናቷን ማየት ፈርታ ስልኳን ዘጋች ይላሉ። ወንድሜ ነገራቸው፤ አያምኑም። ሰው የሰው ስልክ እንዴት ይዘጋል፣ በእናት ሞት ቀን፣ ይላሉ። ለእናቷ ፊት የነፈገች ነው የሚሉኝ።»

«እኔ ልንገራት» አሉ እትዬ ቶሎ ብለው። «በአረብኛ አስረዳታለሁ፣ እምላለሁ...»

«አንቺ አይደለሽም» አለች ልጅቷ። ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እሷ።»

«እኔ አረብኛ አልችልም።»

«አስተምርሻለሁ።»

አልጋዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። የተበላሸ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ገለበጥኩና እሷ በአረብኛ እየተናገረች እኔ በፊደላችን ጻፍኩ። ቃሉን ስሳሳት ታስደግመኛለች። አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። አራት አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። በአማርኛ እንዲህ ነው፦ ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እሷ አልሰማችም ነበር። ወንድሟ ንገሪያት ብሎኝ ነበር። እኔ አልነገርኳትም።

«በእኛ አገር ልማዱ እንዲህ ስለሆነ የሚለውስ?» አልኳት።

«እሱን ተዪው» አለች።

መስመሩ ብዙ ጊዜ ተቆራርጦ በመጨረሻ አክስትየዋ አነሳች። ልጅቷ አጭር ነገር ተናግራ ስልኩን በእጄ አስያዘችኝ። አነበብኩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት። ስጨርስ አክስትየዋ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ልጅቷን አየኋት፤ ወለሉን እያየች ነው፤ አልረዳችኝም። እትዬ ሊናገሩ ሲሉ እጇን አንስታ ከለከለቻቸው። ሌላ የማውቀው ስለሌለ አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ከመጀመሪያው ደግሜ አነበብኳቸው፣ አሁን ቀስ ብዬ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አነሳሁት። ከዚያ አክስትየዋ ዝቅ ባለ ድምፅ ብዙ ተናገረች። ልጅቷ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋ እየሰማች ወደ ግቢው ወጣች፤ ድንኳኑ በነበረበት ቦታ፣ የተነቀሉት ካስማዎች ጉድጓድ መሃል ቆማ ጀርባዋን ሰጠችን።

ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

«ምን አለች?» አልኳት።

«ለእኔ ነው የተናገረችው» አለችኝ። ነገ በማለዳ ለቢሾፍቱ የምትለብሰውን ቀሚስ ልትተኩስ የእትዬን ካውያ ጠይቃ ወደ ክፍሏ ገባች።